ስውር ስፌት

ኢዮጴ ነው ሱቁ፣ ከሰዓቱ ማማ ጥቂት ወረድ ብሎ፣
በዓሣ ሻጭና በቁልፍ ቀራጭ መካከል ተከልሎ።
ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ የተሰነጠቀ መስታወት፣
ማንጠልጠያ ሙሉ የሰው ሱሪ፣ የሰው ሸሚዝ፣ የሰው ኮት።

ባለቤቱ፣ ጁርጂ ነው ስሙ፣
የኛው ጊዮርጊስ ነው፣ ዓረቦቹ ሲሰይሙ።
ሰባን ተሻግሯል፤ ክር ሊያስገባ ሲል እኔን ይጠራል፣
ካስገባሁለት ወዲያ ግን ጣቱ መንገዱን ያውቃል።
የገባሁ ዕለት ያስተማረኝ ይኼንኑ ነበር፦
«የሱሪ ጫፍ ስታጥፊ ከውጭ አይታይም ክር።
መርፌሽ ከላይኛው ጨርቅ አንዲት ፈትል ብቻ ትያዝ፤
ለባሹ እንኳ አይወቀው። ይራመድ እንጂ፣ ይጓዝ።»

ማለዳ አሥራ አንድ ሰዓት፣ አውቶቡሱ ገና ሳይሞላ፣
ውዳሴ ማርያም እከፍታለሁ፣ ተቀምጬ ወደ ኋላ።
ማዳመጫዬ አንዱ ወገን ሞቷል፣ ካለፈው ክረምት ወዲህ፤
አዲስ ልግዛ እልና እተወዋለሁ፣ ለምጄው እንዲህ፦
ባንዱ ጆሮዬ ምስጋና፣ ባንዱ ጆሮዬ ሰው፤
ሾፌሩ በስልክ ሲጣላ፣ ሕፃን ሲያለቅስ፣ ሽማግሌ ሲያነጥሰው።
«ይማርህ» እላለሁ ባማርኛ። ዞሮ ይስቃል።
ጸሎቴን አቋረጥኩ ወይስ ጸለይኩ? ማን ያውቃል።

ዓሣ ሻጩ ሲዘጋ ደጁን ያጥባል፤ ውኃው ወደኛ ይወርዳል፣
ጁርጂም መጥረጊያውን አንሥቶ፣ ሳይቆጣ፣ ወደ ቦዩ ይሸኘዋል።
ሃያ ሁለት ዓመት እንዲሁ። አንዱ ያፈሳል፣ አንዱ ይጠርጋል፤
ጠብ የሚሉት እንግዳ እስካሁን ደጃቸውን ስቷል።

በዚያ ሰሞን ነው ዜሊግ የሚሉት ሽማግሌ ሱሪ ያመጣው፣
ከስቶበት ወገቡ የሰፋ፣ ጫፉ አስፋልት የሚጠርገው።
ኪሱን ስፈትሽ፣ በመድኃኒት ቤት ደረሰኝ ተጠቅልሎ፣
ሦስት መቶ ሼቅል፤ ባለቤቱ ረስቶት፣ ጥሎ።
ጁርጂ ምሳ ወጥቷል። የቤት ኪራይ ነገ ነው።
ሰይጣን ቀንድ የለውም፤ ሒሳብ ነው የሚያውቀው፦
«ሦስት መቶ ሲጨመር ይሞላልሽ፤
ደግሞስ ማን አየሽ?»
ቀና ስል፣ መስታወቱ ውስጥ፣ ስንጥቁ ለሁለት የከፈለኝ፣
እኔው ነበርኩ የማየው፣ እኔው ነበርኩ የሚያየኝ።

በፖስታ አሸግሁት። ስሙን ጻፍኩ። እጄ ላብ ነበረው።
(ደግነት አልለውም፤ ፍርሃት ልበለው።)

ሐሙስ መጣ። ቆጠረ። ጣቱን በምራቁ አርሶ ደገመ።
«አራት መቶ መሰለኝ» አለ፣ ግንባሩን እንደ ቋጠረ፣ እንደ ቆመ።
ቶዳ እንኳ አላለም። ደወሉ ተንቃጨለ፣ በሩ ተዘጋ፤
ጁርጂ ሳል ብሎ ዝም። ሆዴ ግን ፍም ሆኖ አመሸ፣ ፍም ሆኖ ነጋ።
«ጌታዬ» አልኩት አውቶቡስ ላይ፣ «ካንተ አልጠበቅሁም ሽልማት፤
ግን አንዲት ቃል፣ አንዲት ብቻ፣ ምን ነበረበት ቢላት?»

መልስ አልመጣም። ቀይ መብራት ያዘን፣ ቆምን።
ከመስኮቱ ማዶ ዜሊግ ይሻገራል፤ ከዘራውን፣
ትኩስ ዳቦውን ይዞ፣ ያንኑ ሱሪ ለብሶ፣ ቀስ እያለ።
ጫፉ አልጎተተውም። ክሩ አይታይም። አልተሰናከለ።

እዚሁ ከተማ ነበረች ጣቢታ፣ ለመበለት የምትሰፋ፤
ቀሚሱን እያነሡ ያሳዩት እስትንፋሷ ሲጠፋ።
በቁሟ ማን አመሰገናት? መጽሐፉ አይናገርም፤
«የታል ምስጋናዬ» ስትልም አልሰማንም።

ትናንት ዜሊግ ተመለሰ፣ እጅጌው ያለቀ ኮት ይዞ።
ኪሶቹን አንድ ባንድ ገለበጠልኝ፣ ሳይናገር፣ ተክዞ።
ባዶ ናቸው። «አየሽ?» አለ። «አየሁ» አልኩ።
ሳቅና ቅያሜ እኩል መጡብኝ፤ ለሁለቱም ወንበር ነፈግኩ።
ጁርጂ መርፌውን ዘረጋልኝ፣ ክር እንዳስገባለት፤
አስገባሁና መለስኩለት። እሱም ለኔው፦ «አንቺ ስፊለት።»

ኮቱን ገለበጥኩ፣ ወደ መብራቱ ዞርኩ፤
አንዲት ፈትል ብቻ ያዝኩ።